የሁለት ጎረቤታሞች ብዜት

1,022,117። ልጅቷ ይህን ቁጥር የጻፈችው በምሳ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ነው። በፊት ለፊቱ ሁለት ተጋቢኖ፣ አንድ ጥብስና ሦስት አምቦ ውሃ ታትሞበት ነበር፤ የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ዕድሜ የለውምና ሕትመቱ ለቆ ዛሬ ባዶ ሆኗል። በሰማያዊ እስክሪፕቶ የጻፈችው ግን እንዳለ አለ። ደረሰኙ እጄ ላይ የቀረበት ምክንያት ራሱ የሚያኮራ አይደለም። ያን ቀን ምሳውን የከፈልኩት እኔ ነበርኩ፤ ወጪውን ላወራርድ ሳቀርበው ሒሳብ ክፍል «የተሞነጫጨረ ደረሰኝ አንቀበልም» ብሎ መለሰልኝ። ተናድጄ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።

ጊዜው ጥር 2004 ዓ.ም. ነበር። እኔ በአንድ የቁጠባና ብድር ተቋም የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ እሷ ከዩኒቨርሲቲ ለአራት ወር የተመደበች ተለማማጅ ናት። የተቋሙን ስም አልጠራም፤ የእሷንም አልጠራም። የምናዘዘው የራሴን ነው።

ከዚያ በፊት፣ መስከረም 2003 ላይ፣ ትልቅ ነገር ሠራሁ ብዬ ነበር። ተቋሙ 11 ቅርንጫፎች አሉት። የየዕለቱ ሒሳብ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የሚመጣው በፍላሽ ነበር፤ ተላላኪው ፍላሹን ኪሱ ከትቶ በታክሲ ይመጣል፣ አንዳንዴ ፍላሹ ቫይረስ ይዞ ይመጣል፣ አንድ ጊዜማ ተላላኪው ራሱ ሳይመጣ ቀረ። እኔ «በኢንተርኔት ይላክ» አልኩ። ሥራ አስኪያጁ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «መሀል መንገድ ላይ ሰው ቢያየውስ?»

«ይመሰጠራላ!» አልኳቸው።

የሚመሰጥር ሶፍትዌር ያኔም በነፃ ይገኝ ነበር፤ በየአገሩ ስንት ባለሙያ ያገላበጠው፣ ስንት ስህተቱ የታረመ። አውርዶ መጫን የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እኔን ግን «እኛው የሠራነው» ማለት አማረኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው እኔን ለመሰለ ሰው ነው።

የነገሩ ሥር ይህ ነው። 83ን በ97 አባዙ ብትባሉ ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ በደቂቃ ውስጥ 8,051 ትላላችሁ። 8,051 የየትኞቹ ሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው ብትባሉ ግን በ3፣ በ7፣ በ11፣ በ13 እያላችሁ ስታካፍሉ ትቆያላችሁ። ማባዛቱ ነጭ ጤፍን ከቀይ ጋር መደባለቅ ነው፤ መመለሱ ፍሬ በፍሬ መልቀም። 83ም ሆነ 97 ከ1ና ከራሳቸው በቀር በሌላ የማይካፈሉ፣ ትምህርት ቤት «ብቸኛ ቁጥር» የተባልናቸው፣ በሥራ ላይ ሁላችንም ፕራይም የምንላቸው ናቸው። እንዲህ ያሉ ሁለት ቁጥሮች፣ ነገር ግን እያንዳንዳቸው ከ150 አሃዝ በላይ የሆኑ፣ ተባዝተው ውጤቱ አደባባይ ቢሰቀል ያ ውጤት ይፋዊ ቁልፍ ይሆናል። ማንም በእሱ መልእክት አሽጎ ሊልክ ይችላል። ሊከፍት የሚችለው ግን ሁለቱን አባዢዎች የያዘ ሰው ብቻ ነው።

ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1977 ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን የተባሉ ሦስት የኤም.አይ.ቲ. ሰዎች አወጡት፤ በስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት አር.ኤስ.ኤ. ይባላል። በዚያው ዓመት ማርቲን ጋርድነር ሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላይ ስለ ዘዴው ሲጽፍ 129 አሃዝ ያለው ቁጥር አብሮ ታተመ፤ ሰብሮ ውስጡ የታሸገውን መልእክት ላነበበ 100 ዶላር ሽልማት። ይፈጃል የተባለው 40 ኳድሪሊዮን ዓመት ነበር፤ 40 ብላችሁ 15 ዜሮ ቀጥሉበት።

ይህችን ታሪክ በየስብሰባው እተርካት ነበር። የማልተርካት ሁለተኛዋን ግማሽ ነው። ቁጥሩ በ1994፣ ማለትም በ17 ዓመቱ፣ ተሰበረ። 600 ያህል በጎ ፈቃደኞች 1,600 ያህል ኮምፒውተሮችን በኢንተርኔት አስተባብረው በ8 ወር ሁለቱን አባዢዎች አወጧቸው። ከውስጡ የወጣው መልእክት ቶሎ ስለሚያቅለሸልሸው አጥንት ሰባሪ አሞራ የሚያወራ የቀልድ ሐረግ ነበር፤ ሰሜን ተራሮች ላይ አጥንት ከላይ ወደ ዓለት እየለቀቀ የሚሰብረው የእኛው አሞራ። እኔ ግን አለቆች ፊት ስናገር 40 ኳድሪሊዮን ላይ አቆማለሁ። ሰው ይደነቃል። ከዚያ ወዲያ ማን ይጠይቃል?

ወደ ጥፋቴ ልምጣ። 155 አሃዝ ያለው ፕራይም የሚገኘው ተፈልጎ ነው። መጀመሪያ ማንም ሊገምተው የማይችል ግዙፍ ቁጥር በዕጣ ይወጣል፤ ከዚያ ትንሽ በትንሽ እየጨመሩ ፕራይም እስኪያጋጥም ይሞከራል። እዚያ ከፍታ ላይ ከ355 ያህል ቁጥሮች በአማካይ አንዱ ፕራይም ነውና ብዙ አያስኬድም። አስቸጋሪው ዕጣው ነው። ኮምፒውተር የታዘዘውን ስለሚያደርግ ለራሱ ቢተው ዕጣው የሚገመት ይሆናል፤ ስለዚህ የሰው እጅ አስገባሁበት። ፕሮግራሜ «እባክዎ ማውሱን ለአንድ ደቂቃ ወዲያ ወዲህ ያንቀሳቅሱ» ይላል፤ ከእጁ እንቅስቃሴ ዕጣውን ይቀምራል። ለሁለት ፕራይም ሁለት ዕጣ፣ ሁለት ጊዜ ማውስ።

የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ላይ ልጭን ሄድኩ። የቅርንጫፉ ኃላፊ ከረቫት ያሰሩ ጎልማሳ ናቸው። ማውሱን ይዘው ሲያሽከረክሩት ወረፋ የያዙ ደንበኞች በመስታወቱ ያዩዋቸዋል። እንደምንም ጨረሱ። ስክሪኑ ላይ ያው ጥያቄ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ቀና ብለው «ይሄ ነገር ጨዋታ ነው እንዴ?» አሉኝ። አፈርኩ። በዚያው ማታ ሁለተኛውን ዕጣ ሰረዝኩት። በምትኩ የመጀመሪያው ፕራይም ከተገኘ በኋላ ፍለጋው ካቆመበት እንዲቀጥልና ቀጥሎ የሚያገኘውን ፕራይም ሁለተኛ አድርጎ እንዲወስድ አደረግሁ። ጥቂት መስመር ማጥፋት ነበር። ኮዱ ስላጠረልኝ ደስ ሁሉ ብሎኛል።

የ11ዱ ቅርንጫፎችና የዋናው መሥሪያ ቤት ቁልፎች በዚህ ዓይነት ተወለዱ። ሁሉም የሁለት ጎረቤታሞች ብዜት ነበሩ።

ለልጅቷ የሰጠኋት ሥራ የፕሮግራሙን መመሪያ እንድትጽፍ ነበር፤ «የት ይጫናል፣ ምን ይመጣል» ዓይነት። ኮዱን አንብቢ አላልኳትም። አነበበችው። አንድ ቀን አራት ሆነን ምሳ በልተን፣ ከፍዬ ደረሰኙ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለች።

«ጠይቂ።»

«ሁለተኛው ፕራይም የሚፈለገው ከመጀመሪያው ቀጥሎ ነው?»

«አዎ።»

«እንደዚያ ከሆነ እኮ ይቀራረባሉ።»

«ይቀራረቡ፤ ምን ይሆናል?» አልኩና ስብከቴን ጀመርኩ። በ2009 ማብቂያ፣ በፈረንጆቹ፣ 232 አሃዝ ያለው ቁጥር ተሰብሮ ነበር፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ሁለት ዓመት ገደማ ለፍተውበታል። «የእኔ 309 አሃዝ ነው» አልኳት። «በአንድ አሃዝ በጨመረ ቁጥር ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቂያለሽ?»

አልመለሰችልኝም። ደረሰኙን ገልብጣ 1,022,117 ብላ ጻፈች። ስልኳን አውጥታ ስኩዌር ሩቱን አየች፤ 1,010.998። ወደ ላይ አጠጋግታ 1,011 አለች። 1,011 በራሱ ሲባዛ 1,022,121። ከእሱ ላይ የመጀመሪያውን ቁጥር ቀነሰች፤ 4 ቀረ። ከ4ቱ አጠገብ «2×2» ብላ ጻፈች። ከዚያ ከ1,011 ላይ 2 ቀንሳ 1,009፣ 2 ጨምራ 1,013። ሁለቱንም ከበበቻቸው። ተከታታይ ፕራይሞች ናቸው፤ ተባዝተው 1,022,117 ይሰጣሉ። በማንም አላካፈለችም። እስክሪፕቶው ወረቀቱን ከነካበት እስከተነሳበት ግማሽ ደቂቃ አይሞላም።

«ቁጥሩ ቢረዝምም ያው ነው፣ ጋሼ» አለች። «ቅርብ ለቅርብ ከሆኑ ርዝመቱ አያድናቸውም።»

የሠራችው አዲስ ነገር አልነበረም። ሁለት ቁጥሮች ከአንድ መሀል በእኩል ርቀት ከቆሙ ብዜታቸው የመሀሉ ካሬ ሲቀነስ የርቀቱ ካሬ ነው፤ ይህን ስምንተኛ ክፍል ተምረነዋል። ፒየር ደ ፌርማ፣ የቱሉዝ የሕግ ሰው፣ በ1643 ገደማ በዚሁ መንገድ 2,027,651,281 የ44,021 እና የ46,061 ብዜት መሆኑን አሳይቷል። በፕራይም ሁሉ ላካፍል ብሎ ቢነሳ ከ4,500 ጊዜ በላይ ማካፈል ነበረበት። እሱ ግን ከስኩዌር ሩቱ ተነስቶ አንድ አንድ ሲጨምር በ12ኛው ሙከራ አገኘው። አባዢዎቹ በሁለት ሺህ ያህል ተራርቀውም 12 ሙከራ ነው። የእኔዎቹ አባዢዎች ከሺህ ቢሊዮን ጊዜ በላይ እጅግ የገዘፉ ሆነው የተራራቁት በመቶዎች ብቻ ነበር።

ይህ ሁሉ በዚያች ቅጽበት ገብቶኛል? በከፊል። የሆነ ነገር ሆዴ ውስጥ ዱብ ብሏል። ያንን ዱብታ ነው የምናዘዘው፤ ምክንያቱም ስህተቱን ሳላውቅ የሠራሁት ነው፣ ቀጥሎ የተናገርኩትን ግን እያወቅሁ ተናገርኩ።

«ሪቨስትን፣ ሻሚርንና አድልማንን ልታርሚ ነው?» አልኳት። «መጀመሪያ ዲግሪሽን ያዢ።»

ሁለቱ ባልደረቦቼ ሳቁ። እሷ እስክሪፕቶዋን ክዳኑ ውስጥ ከተተችና «ይቅርታ፣ ጋሼ» አለች። ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት።

ሦስቱ ሰዎች ራሳቸው በ1978 ባሳተሙት ጽሑፍ ሁለቱ ፕራይሞች በርዝመታቸው በጥቂት አሃዞች ይለያዩ ብለው መክረዋል። እኔ ስማቸውን እንጂ ጽሑፋቸውን አላነበብኩም ነበር። ልጅቷ አንብባ ይሁን ራሷ ደርሳበት እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

ያን ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ከ20 መስመር የማይበልጥ ፕሮግራም ጻፍኩ፦ ይፋዊውን ቁልፍ ውሰድ፣ ስኩዌር ሩቱን ፈልግ፣ ወደ ላይ አጠጋጋ፣ በራሱ አባዛ፣ ቁልፉን ቀንስ፣ ቀሪው የሌላ ቁጥር ካሬ መሆኑን እይ። የዋናውን መሥሪያ ቤት ቁልፍ ሰጠሁት። ተጫንኩ። ጣቴ ከቁልፉ ላይ ሳይነሳ መልሱ ወጣ። «ሙከራ፦ 1» ይላል። ከሥሩ ሁለት መስመር ቁጥር፣ አንዱ ካንዱ በላይ። ከግራ ጀምሬ በጣቴ እየተከተልኩ አነጻጸርኳቸው። አንድ ዓይነት፣ አንድ ዓይነት፣ አንድ ዓይነት፤ የሚለያዩት መጨረሻ ላይ ባሉት ሦስት አሃዞች ብቻ ነበር። ይህ ለማንም አይታይም የተባለው ሚስጥር ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ፊት ደረቴን የነፋሁበት። የቅርንጫፎቹንም አንድ በአንድ ሞከርኩ። 12ቱም በመጀመሪያው ሙከራ ተከፈቱ። ሻይዬ አልቀዘቀዘም።

በማግስቱ ቢሮ ስገባ ልጅቷ ቀድማኝ መጥታ መመሪያዋን ትጽፋለች። «እንደምን አደሩ» አለችኝ። «ደህና» ብዬ አለፍኩ። በዚያ ሳምንት ፕሮግራሙን ቀየርኩ፤ ሁለተኛውን ዕጣ መለስኩት፣ አዳዲስ ቁልፎች አወጣሁ፣ ለቅርንጫፎቹም ደብዳቤ ጻፍኩ። የደብዳቤው ርዕስ «ጉዳዩ፦ መደበኛ የቁልፍ እድሳትን ይመለከታል» ይላል። በወሩ ስብሰባ ላይ «በራሳችን ተነሳሽነት ሥርዓቱን አጠናክረነዋል» ብዬ ሪፖርት አደረግሁ፤ ተጨበጨበልኝ። ልጅቷ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች። እሷም አጨበጨበች።

ክሊፎርድ ኮክስ የሚባል እንግሊዛዊ አለ። ይህንኑ የምስጠራ ዘዴ ከሦስቱ የኤም.አይ.ቲ. ሰዎች አስቀድሞ በ1973 ደርሶበት ነበር፤ የሚሠራው ለአገሩ የስለላ መሥሪያ ቤት ስለነበር ነገሩ እስከ 1997 አልተነገረም። የኮክስን ስም የሸፈነው የመንግሥት ምስጢር ነው። የእሷን የሸፈንኩት እኔ ነኝ፣ ለአንድ ጭብጨባ።

በዚህ ባበቃ። አራቱ ወር ሲሞላ ከዩኒቨርሲቲዋ የመጣውን መገምገሚያ ቅጽ ሞላሁላት። ሰዓት ማክበር፣ 5። የቴክኒክ ችሎታ፣ 3። ከበላዮቿ ጋር ያላት መግባባት፣ 2። አስተያየት በሚለው ቦታ ላይ «ጎበዝ ናት፤ ነገር ግን መመሪያ ለመቀበል ትቸገራለች» ብዬ ፈረምኩ፣ ማኅተም አስመታሁበት። አንድ ጾም ላይ ለነፍስ አባቴ ልናገር ሞክሬ ነበር። «አባ፣ ሁለት ቁጥር አቀራርቤ አባዛሁ» ስላቸው ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ በለመዱት መንገድ ጠየቁኝ፤ ሰርቀሃል? አልሰረቅሁም። የሰው ስም አጥፍተሃል? አላጠፋሁም። አሳርገው ሸኙኝ። ደጀ ሰላሙን ሳልፍ ቅጹ ትዝ አለኝ። አልተመለስኩም።

ሰው ሁሉ የማይገባው፣ እኔ ግን በደንብ የሚገባኝ ሌላ ነገር አለ። አዲስ ቁልፍ የሚያድነው ከዛሬ ጀምሮ የሚላከውን ነው። በአሮጌው የታሸገው እንደታሸገ በአሮጌው ይከፈታል። ከመስከረም እስከ ቀጣዩ ዓመት ጥር፣ በ16 ወር ውስጥ፣ ከ11 ቅርንጫፍ በየማታው የተላከው ፋይል በስንት መሥመር አልፏል። አንድ ሰው ቀድቶ አስቀምጦት ከነበረ፣ ዛሬም ነገም በደረሰኝ ጀርባ ዘዴ ይከፍተዋል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። የተቀዳ ፋይል ደግሞ እንደተሰረቀ በግ ከጉረኖው አይጎድልም፤ ዋናው ባለበት ይቀመጣል፣ ማንም እንደነካው አይናገርም። «ምንም አልጠፋም» እያልኩ ስንት ዓመት የተኛሁት በዚህ ነው።

የሚያጽናና ነገር ፍለጋም አልተኛሁም። እ.ኤ.አ. በ2012 ናዲያ ሄኒንገርና ባልደረቦቿ ከኢንተርኔት ላይ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ይፋዊ ቁልፎች ሰብስበው እርስ በርስ አነጻጸሩ፤ አንዳንዶቹ አንድ ፕራይም ተጋርተው ተገኙ። ሁለት ቁልፍ አንድ አባዢ ከተጋራ፣ ዩክሊድ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ያስተማረው ትልቁን የጋራ አካፋይ መፈለጊያ ሁለቱንም ባንዴ ይከፍታቸዋል። ጥፋቱ የመጣው ገና እንደበሩ፣ ዕጣ የሚያወጡበት ነገር ሳይኖራቸው ቁልፍ ከሚያወጡ እንደ ራውተር ካሉ ዕቃዎች ነው። ማውሱን የሚያንቀሳቅስላቸው አልነበረም። በ2022 ደግሞ ጀርመናዊው ሀኖ ቦክ የእኔኑ ስህተት፣ የጎረቤታሞቹን ብዜት፣ በታወቁ ድርጅቶች ፕሪንተሮች ውስጥ አገኘው። ያን ዜና ሳነብ እንዴት ደስ እንዳለኝ ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ። ለባለቤቴ ሁሉ አሳየኋት። «እና እነሱም ልጅ ሰድበዋል?» አለችኝ። የደረሰኙን ታሪክ ታውቃለች ማለት ነው።

አሁን አሁን ወጣቶቹ የሚጠይቁኝ ስለ ኳንተም ኮምፒውተር ነው። ፒተር ሾር በ1994 ባወጣው ስልት፣ በቂ ጉልበት ያለው የኳንተም ማሽን ከተሠራ አር.ኤስ.ኤ. አይቆምም፤ እውነት ነው፣ ዓለምም ተተኪ ቁልፎች ማዘጋጀት ጀምሯል። በለመድናቸው ኮምፒውተሮች ግን እ.ኤ.አ. በ2020 የተሰበረው 250 አሃዝ ያለው ቁጥር አንድ የኮምፒውተር ኮር ብቻውን ቢሠራው 2,700 ዓመት የሚፈጅ ሥራ ጠይቋል። በአግባቡ ከተመረጠ ቁጥሩ ዛሬም ይከብዳል። ይህን እመልስላቸዋለሁ። ስለ ደረሰኙ ነግሬያቸው አላውቅም።

የልጅቷ ስልክ አለኝ። አሁን ልጅ አይደለችም። ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ «ጋሼ፣ እንኳን አደረሰዎ» ብላ ትልክልኛለች፤ እኔም «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብዬ እመልሳለሁ። ሦስት ጊዜ ከዚያ በላይ ልጽፍ ጀምሬ አጥፍቼዋለሁ። በዚህ ሰሞን ለእሷ በመጻፍ ፈንታ ያን አሮጌ ደብዳቤ እንደገና ጻፍኩት፣ ያኔ ሊጻፍ በሚገባው መልክ።

«ለ11ዱም ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቶች

ጉዳዩ፦ ከመስከረም 2003 እስከ ጥር 2004 ዓ.ም. የተላኩ ፋይሎችን ይመለከታል

ከላይ በተጠቀሰው ጊዜ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የላካችኋቸው የዕለት ሒሳብ ፋይሎች የታሸጉበት ቁልፍ በእኔ ስህተት ደካማ ስለነበር፣ ፋይሎቹን መሀል መንገድ ላይ የቀዳ ማንኛውም ሰው ሊያነባቸው እንደሚችል አስታውቃለሁ። በፋይሎቹ ውስጥ የደንበኞች ስም፣ የሒሳብ ቁጥርና ተቀማጭ ስለሚገኝ ለደንበኞቹ እንዲነገራቸው እጠይቃለሁ። ስህተቱን ያገኘችው በክፍላችን የተመደበችው ተለማማጅ ናት። በነገረችኝ ጊዜ አልተቀበልኳትም።

አዲሱ ቁልፍ በሚወጣበት ጊዜ ማውሱን ሁለት ጊዜ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል።

ከሰላምታ ጋር»